ራጁ «ንጹህ ነው» ማለት «አላመመሽም» ማለት አይደለም

ወገቧን፣ ትከሻዋን ወይም እጇን ያመማት እህት ቤይሩት ውስጥ ሐኪም ጋ ስትሄድ አንዳንዴ አብሬያት እገባለሁ፤ አስተረጉማለሁ። አረብኛውን ወደ አማርኛ መመለስ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደኝ አንድ አባባል ነው፦ «ሱራው ንጹህ ነው፣ ምንም የለባትም።»

ሐኪሙ ሊል የፈለገው «የተሰበረ አጥንት አይታየኝም» ነው። መዳም የምትሰማው ግን «ታዲያ ሥራ ጠልታ ነው» የሚለውን ነው። ልጅቷ ደግሞ «አላመኑኝም» ብላ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ማታ ያው ባልዲ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ደረጃ ይጠብቃታል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሌላዋ ኤምአርአይ ተነስታ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ይነገራታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወገቤ አልቋል፣ ከእንግዲህ ሠርቼ አልበላም» እያለች ትጨነቃለች። መራመድ ትፈራለች፣ ዕቃ ማንሳት ትፈራለች፣ እየተኛች ትደክማለች።

ሁለቱንም የጎዳቸው አንድ ነገር ነው። ፎቶው ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ እንዲመልስ ተጠይቋል። ስለዚህ ራጅ ምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደማያሳይ፣ መቼ የግድ እንደሚያስፈልግ፣ ፊዚዮቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ ደግሞ ምን ተምሮ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘባችንንም፣ ጤናችንንም፣ ቃላችንንም ይጠብቅልናል።

ፎቶው ምን ያያል?

ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ራጃችንን የተነሳነው ገና አገር ቤት እያለን ነው፤ ለጉዞ «ሜዲካል» ስንመረመር። ያ የደረት ራጅ ነው፣ ሳንባን ለማየት። ስለ ወገብና ስለ ጉልበት የሚናገረው ነገር የለም። «ሜዲካል አልፌ ነው የመጣሁት» ማለት ወገብሽ ታይቷል ማለት አይደለም።

ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1895። ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቹ አንዱ የሚስቱ እጅ ነበር፤ የጣቶቿ አጥንትና ቀለበቷ በግልጽ ይታያሉ። ያ እጅ ያማት እንደሆነ፣ ደክሞት እንደሆነ ግን ከፎቶው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ነገሩ ያው ነው። ራጅ አጥንት ያሳያል። ጡንቻን፣ ጅማትን፣ ነርቭን ደህና አድርጎ አያሳይም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ስትወለውይ የቆየ ትከሻ የሚያመው ብዙ ጊዜ ከጅማትና ከጡንቻ ስለሆነ፣ ራጁ «ንጹህ» ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም።

ሌሎቹም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ይሠራል፤ ጅማትንና ጡንቻን ያሳያል፣ ጨረር የለውም። ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ አንስቶ አጥንትን በዝርዝር ያሳያል፤ ጨረሩ ከተራ ራጅ ይበልጣል። ኤምአርአይ በማግኔት ይሠራል፤ ዲስክንና ነርቭን ያሳያል፣ ጨረር የለውም። በሰውነትሽ ውስጥ ብረት ካለ፣ በቀዶ ጥገና የገባም ቢሆን፣ ኤምአርአይ ከመነሳትሽ በፊት መናገር አለብሽ።

ጨረሩ ያስፈራል ወይ? አንድ ራጅ ትንሽ ነው። የሰው ልጅ ከምድርና ከሰማይ በየቀኑ ከሚያገኘው ጨረር ጋር ሲነጻጸር የደረት ራጅ የ10 ቀን ያህል፣ የወገብ ራጅ የግማሽ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ካስፈለገ አትፍሪው፤ ካላስፈለገ ደግሞ በየወሩ አትነሺ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የወር አበባሽ ከቀረ ግን ለሚያነሳሽ ሰው አስቀድመሽ ንገሪ። አሠሪሽ እዚያው ካለች «ብቻዬን ላናግራችሁ» በይ።

«ዲስክ» የሚለው ቃል

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን የ3,110 ሰዎች የጀርባ ፎቶ የያዙ 33 ጥናቶችን በአንድ ላይ ሰብስቦ ተመለከተ። ወገባቸውን ፈጽሞ ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል ተብሎ ይነበባል። በ30 ዓመት 52 በመቶ፣ በ40 ዓመት 68 በመቶ ይደርሳል። ዲስክ ትንሽ አበጥ ማለቱም በ30 ዓመት 40 በመቶ፣ በ40 ዓመት 50 በመቶው ላይ ይታያል። ልብ በይ፣ እነዚህ ሰዎች ደህና ናቸው፤ ይሠራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ልጅ ያዝላሉ።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» ስላለ ብቻ ሕመምሽ ከሱ ነው ማለት አይቻልም። እንደ ፀጉር ሽበት ነው፤ ከዕድሜ ጋር ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ አያምም። ፎቶው ትርጉም የሚኖረው ሕመምሽ ያለበት ቦታና ምርመራው ከፎቶው ጋር ሲገጥሙ ነው። ለምሳሌ ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በአንድ እግር እስከ ጣት ከወረደ፣ እግሩ ከደከመ፣ ኤምአርአዩ ደግሞ በዚያው በኩል የተጨነቀ ነርቭ ካሳየ፣ ያኔ ነገሩ ይገናኛል።

ለዚህ ነው የብዙ አገር የሕክምና መመሪያዎች ለተራ የወገብ ሕመም ቶሎ ፎቶ አትነሱ የሚሉት። የአደጋ ምልክት ከሌለ መጀመሪያ 6 ሳምንት ያህል እየተንቀሳቀሱ፣ በሚታዘዝ መድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ እየተረዱ መቆየትን ይመክራሉ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በነዚህ ሳምንታት እየቀለለ ይሄዳል። ሐኪሙ «አሁን ሱራ አያስፈልግሽም» ቢልሽ ሁልጊዜ ንቆሽ ነው ማለት አይደለም። ግን ከማለቱ በፊት ጠይቆሻል ወይ? ነክቶ መርምሮሻል ወይ? ሳይጠይቅ፣ ሳይነካ «ሂጂ» ካለ ሌላ ሐኪም የመፈለግ መብት አለሽ።

ፊዚዮቴራፒስት ማሳጅ አድራጊ አይደለም

ሊባኖሶች «ዒላጅ ፊዝያኢ» ይሉታል። ፊዚዮቴራፒ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ሙያ ነው። እዚህ የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ፣ አንቶኒን ዩኒቨርሲቲና የቤይሩት አረብ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩታል። አገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃሉ። የዓለም የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ትምህርቱ ቢያንስ አራት ዓመት እንዲሆን ይመክራል። ሊባኖስ ውስጥ ሙያተኞቹ የራሳቸው ማኅበር፣ «ኒቃባ» አላቸው፤ የተመዘገበ ባለሙያ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሰው አካል አሠራርን፣ ጡንቻና ነርቭን፣ እንቅስቃሴን ይማራሉ። ፎቶ ማንበብም ከትምህርታቸው አንዱ ነው። ከማንበቡ የሚበልጠው ግን ፎቶ መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግ መለየቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቬትናም ጦርነት ዘመን የአጥንት ሐኪም ሲያንስ የጦር ሠራዊቱ ፊዚዮቴራፒስቶች ራሳቸው ራጅ እንዲያዙ ተፈቀደላቸው፤ እስካሁንም ያዛሉ። የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሲቪሎቹም ፈቀደ። እዚህ ሊባኖስ ግን የተለመደው መንገድ በሐኪም በኩል ነው። ሐኪሙ ያይሻል፣ ካስፈለገ ሱራ ያዛል፣ ከዚያ ለፊዚዮቴራፒ ማዘዣ ይጽፍልሻል፤ እዚህ «ራሼታ» የሚሉት ነው።

ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ፎቶሽን ከፖስታው ከማውጣቱ በፊት አንቺን ያያል። መቼ ጀመረ፣ ምን ስትሠሪ ይብሳል፣ ሌሊት ያነቃሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በተረከዝሽና በጣትሽ ጫፍ ያስኬድሻል። ጀርባሽ ላይ አስተኝቶ እግርሽን ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ጉልበትሽን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጋል። ይህ ሁሉ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ነው፤ ለወገብ ሕመም ከተራ ራጅ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ ሥራሽን ይጠይቃል። እዚህ ላይ እውነቱን ተናገሪ። «ቤት አጸዳለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊው። ስንት ፎቅ ደረጃ እንደምታጥቢ፣ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ብቻሽን እንደምታነሺ፣ የማትራመድ አሮጊት ከአልጋ እንደምታነሺና እንደምታስተኚ፣ የምትተኚበት ምን እንደሆነ ንገሪው። ሕክምናው ከዚህ ይነሳል። አሮጊቷን ወገብሽን ሳትጎጂ እንዴት እንደምታነሺ፣ ባልዲውን ግማሽ ሞልተሽ ሁለቴ መመላለስ ለምን እንደሚሻል፣ ቤት የምትሠሪውን እንቅስቃሴ ያሳይሻል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ የምትሠሪው ስፖርት በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ማሸት ይበልጣል። ዝም ብሎ ማሽን ላይ አስተኝቶሽ የሚሄድ ከሆነ «ቤት የምሠራው እንቅስቃሴ አሳየኝ» በይው።

ፎቶ የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

እስካሁን ያልኩትን ይዛ «እንግዲያው ራጅ አያስፈልግም» የምትል አሠሪ እንዳትኖር ይህን ክፍል በደንብ አንብቢ። ከሚከተሉት አንዱ ካለ «ትንሽ እንጠብቅ» አይሠራም።

ከከፍታ ወድቀሽ ከሆነ፤ ከመሰላል፣ ከበረንዳ፣ ከደረጃ። አንገትሽን ወይም ጀርባሽን ካመመሽ አትነሺ፣ ሰው ጎትቶ እንዲያነሳሽም አትፍቀጂ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው።

ሽንት እምቢ ካለሽ ወይም ሳታውቂው ካመለጠሽ፣ በጭንሽ መካከል ከደነዘዘሽ፣ ሁለቱም እግሮችሽ ከደከሙ። ይህ የወገብ ነርቮች ተጨንቀው ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለብሽ፤ ከዘገየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

የወገብ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ካንሰር ታክመሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ተኝተሽም የማያስቀምጥ ሕመም ከሆነ።

ቁርጭምጭሚትሽ ከዞረ ደግሞ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ የወጣ ነው። ልክ እንደወደቅሽም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ በሁለቱም ጎን ካሉት ጉብ ያሉ አጥንቶች አንዱ በኋላ በኩል ሲነካ ካመመሽ፣ ወይም ከእግርሽ መሐል በውጭ ወይም በውስጥ በኩል አጥንቱ ሲነካ ካመመሽ፣ ራጅ ያስፈልግሻል።

እጅሽን ዘርግተሽ ወድቀሽ ከአውራ ጣትሽ ሥር የእጅ አንጓሽ ካመመሽ ይህን አስታውሺ። እዚያ ጋ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ተሰብራ የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ስለዚህ ሐኪሞች ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይተው እንደገና ያነሳሉ፣ እስከዚያው እጁን ያስሩታል። እንዲህ ነው «ንጹህ» ራጅ አንዳንዴ አጥንት ላይ እንኳ የመጨረሻ ቃል የማይሆነው። ካልተሻለሽ ተመለሺ።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። ዶራና ቡርጅ ሐሙድ አካባቢ «ያሻሉ» የሚባሉ ሰዎች አይጠፉም፣ እኛም አገራችን የለመድነው ነው። የደከመ ጡንቻ መታሸቱ አይከፋም። ነገር ግን ከውድቀት በኋላ ያበጠ እጅ ወይም እግር ስብራት አለመሆኑ ሳይታወቅ አይታሽ፣ አይጎተት። የተሰነጠቀው ሊለያይ ይችላል።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ያለን የ2009ኙ አንድ ወጥ የሥራ ውል ነው። በዚህ ውል አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ ሊገባልሽና ሕክምናሽን ሊሸፍን ግዴታ አለበት። ያለ ኢንሹራንስ ኢቃማሽ አይታደስም፤ ስለዚህ ኢቃማ ካለሽ አንድ የኢንሹራንስ ወረቀት የሆነ ቦታ አለ። ኮፒውን ጠይቂ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ብዙውን ጊዜ ይህ ኢንሹራንስ ሆስፒታል መተኛትንና የሥራ ላይ አደጋን ነው የሚይዘው። ተመላልሶ መታከም፣ ኤምአርአይና ፊዚዮቴራፒ ላይካተቱ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከሥራ ላይ ወድቀሽ ከሆነ «ስሠራ ነው የወደቅኩት» ብለሽ መጀመሪያውኑ ማስመዝገብ ያለብሽ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር አስጽፊ። «ወገቧን ያማታል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ አደጋ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው።

ከ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ብዙ ክሊኒክ «ፍሬሽ ዶላር» ይጠይቃል፤ አንድ ኤምአርአይ የወር ደመወዝ ሊበላ ይችላል። ፍሪላንስ የምትሠሪ ከሆነ ወይም ወረቀት ከሌለሽ ከኪስሽ ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ «ይህ ፎቶ ሕክምናዬን ይለውጠዋል? ሳልነሳስ ሕክምና መጀመር እችላለሁ?» መልሱ «ምንም አይለውጥም» ከሆነ ገንዘብሽን ለፊዚዮቴራፒው አስቀምጪ። «ሙስተውሰፍ» የሚባሉት ጤና ጣቢያዎች ከግል ሆስፒታል ይረክሳሉ። ካሪታስ ለስደተኞች የሚሠራ ክፍል አለው፤ በኢትዮጵያውያን ሴቶች የተመሠረተው «እኛ ለኛ በስደት»ም መንገድ ሊጠቁምሽ ይችላል። ከ2024ቱ ጦርነት ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧልና ታክሲ ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

ፎቶው ያንቺ ነው

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሊባኖስ ሕግ ቁጥር 574 የታካሚ መብት ሕግ ነው። ስለ ሕመምሽ በሚገባሽ መንገድ እንዲነገርሽ፣ ያላንቺ ፈቃድ ምርመራ እንዳይደረግብሽ፣ ምሥጢርሽ እንዲጠበቅ፣ የሕክምና ፋይልሽን እንድታገኚ ይደነግጋል። አገርሽን ወይም ሥራሽን ለይቶ አይነፍግሽም።

በተግባር ግን ሲዲውም ወረቀቱም መዳም ቦርሳ ውስጥ ሲገባ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከሥራ ስትቀየሪ ወይም ወደ አገር ስትመለሺ ባዶ እጅሽን ነሽ፤ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፣ እንደገና ጨረር፣ እንደገና ገንዘብ። ስለዚህ እዚያው እያለሽ «ቤድዲ ኑስኻ» በይ፣ ኮፒ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሁለት ነገር ውሰጂ፦ ፎቶውን በሲዲ ወይም በፊልም፣ እንዲሁም «ታቅሪር» የሚባለውን የራጅ ሐኪሙን ጽሑፍ። ሁለቱንም በስልክሽ አንሺና ለምታምኛት ጓደኛ ወይም ለቤተሰብሽ በዋትሳፕ ላኪ። ስልክ ቢወሰድብሽ እንኳ ወረቀቱ ይኖራል።

ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ «ሱራው ንጹህ ነው» ካለሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትውጪ። እኔ ሳስተረጉም ይህን እጠይቃለሁ፣ አንቺም ጠይቂው፦ «አጥንቷ ደህና ከሆነ ሕመሙ ከምን ነው የመጣው? ስንት ቀን ከባድ ዕቃ አታንሳ? ይህን በወረቀት ይጻፉልን።» አብዛኛው ሐኪም ሲጠየቅ ይጽፋል። «ለሁለት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሳ» የምትል አንዲት መስመር፣ ማኅተም ያረፈባት፣ ቤት ስትገቢ ከራጁ ይልቅ የምትጠቅምሽ እሷ ናት።